የአባባ ክኒንና የሽንኩርቱ ሥር

ሰኞ፣ የካ. 6፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

መብራት ሄደ። ደግሞ! ፕላዝማው ላይ ያለው አስተማሪ ስለ ሴል መከፋፈል እያወራ፣ ክሮቹ ክሮሞዞሞቹን ይዘው ወዲያና ወዲህ ሊጎትቱ ሲሉ፣ ድርግም። ሰባ ተማሪ ዞሮ እኔን ያያል።

ዘይነባ እጇን አወጣች። ፓስፖርት አውጥታ የሪያድ ቪዛ የምትጠብቀው፣ የጎረቤታችን ልጅ። ክሩ እየረዘመ ሲሄድ፣ እዚህ ጋ በቃህ የሚለው ማነው? አለች። መጽሐፉ ስለዚህ አንድ መስመር የለውም። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ምን አልኩ? የሚሠራበት ፕሮቲን ሲያልቅ ይቆማል አልኩ። ጻፉት አልኩ። ሰባ ደብተር ላይ ተጻፈ።

ፈጥሬ ነው፣ ደብተሬ። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር። አሁን ቴሌ ሄጄ አዲስ አበባ ለሙሉ ልደውል ነው። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ፣ እሷ ማስተርሷን ይዛለች፣ እኔ መካነ ሰላም ጠመኔ ይዣለሁ። ስለ ክሩ ያገኘሽውን ፎቶኮፒ አድርገሽ በአውቶቡስ ላኪ እላታለሁ።

ረቡዕ፣ የካ. 8

መቀመጥ አቃተኝ። ክፍል ውስጥ ሁለቴ ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ሁለቴ ዘጋሁት። መምህር ተሳሳትኩ ካለ ይንቁታል ይባላል እዚህ። እኔም ለአዲስ መምህራን ብዬዋለሁ፣ አፌን በቆረጠው።

ዘይነባ ቪዛው በዚህ ወር ይመጣል ትላለች። ውሸቴን ይዛ ሪያድ ልትገባ ነው። እዚያ ስለ ሴል ማን ይጠይቃታል? ማንም። ይኼ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። የመጨረሻ ትምህርቷ የኔ ፈጠራ ሊሆን።

ዓርብ፣ የካ. 10፣ 10 ሰዓት

ፎቶኮፒው መጣ። አውቶቡሱ ወረኢሉ ላይ ተበላሽቶ ስላደረ ጥጉ ዘይት ነክቶታል። ይነበባል ግን።

ክሩ ማይክሮቲዩቡል ነው ስሙ። ከትናንሽ የፕሮቲን ጡቦች የተሠራ። ጡቡ ደግሞ ሴሉ ውስጥ ሞልቷል፣ አያልቅም! የሚወስኑት ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው። አንዳንዶቹ ክሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጡብ እየተቀበሉ ያስረዝሙታል። ሌሎቹ ከጫፉ እየነቀሉ ያፈርሱታል። ክሩ ያድጋል፣ ድንገት ይፈርሳል፣ ደግሞ ያድጋል። የሚፈልገውን ክሮሞዞም እስኪይዝ ዕረፍት የለውም። በሳቅ ሞትኩ። በየዓመቱ ዝውውር የምጠይቅና የምተው፣ ይኼማ እኔው ነኝ።

መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ስም። ኮልቺሲን። ጡቦቹን ይዞ ክር እንዳይሆኑ የሚያደርግ መድኃኒት። ይህን ስም የት አየሁት? አባባ ኪስ ውስጥ! የሪህ ክኒናቸው ነው። እህቴ ሰዓዳ ከጅዳ በሰው እጅ የምትልከው፣ እዚህ ፋርማሲ የማይገኘው።

አባባ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለሱ ክኒኑን ከመቁጠሪያቸው ከሙስበሃው ጋር አውጥተው ይቆጥሩታል። የዛሬው ስድስት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ካመማቸው ሁለት ወር አልፏል።

ሁለት ሽንኩርት ሥር እንዲያወጡ ብርጭቆ ውኃ ላይ አስቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ ላንቺም አልነግርሽም።

ሰኞ፣ የካ. 13

ጋሽ ታደሰ፣ የት/ቤታችን ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ዛሬ ደም ብዛቱ ሳይነሳበት አልቀረም። ማይክሮስኮፑ ከመጣ ጀምሮ ከሳጥኑ ወጥቶ አያውቅም። ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም። የንብረት ማውጫው ቅጽ፣ ሞዴል 22 ላይ የፈረመ ሰው ቢሰበር ተጠያቂ ነው፣ ስለዚህ የሚፈርም የለም። ብትሰበር በማን ስም ናት? ይላል። ስምንት ጊዜ ጠየቀኝ። በኔ አልኩት፣ ፈረምኩ።

ክኒኑን ወሰድኩ። አራት። አባባ ኮታቸውን አውልቀው የረፋዱን ሶላት፣ ዱሃን እየሰገዱ ነበር። አልጠየቅኳቸውም። ቢጠየቁ እምቢ አይሉም፣ እሱ ነው የከበደኝ። ሰዓዳ ሌላ ትልካለች። ፈጭቼ በጥቂት ውኃ በጠበጥኩት። የአንዱን ሽንኩርት ሥር ነከርኩበት። ሌላው በንጹህ ውኃው ይቆይ።

ማክሰ.፣ የካ. 14

ሠራ! ሠራ፣ ደብተሬ!

ተማሪ እስከ በሩ ተሰለፈ። በንጹህ ውኃ ያደገው ሥር ውስጥ ክሮሞዞሞቹ በሥርዓት፣ ግማሹ ወዲያ ግማሹ ወዲህ። ክኒን የጠጣው ውስጥ እንደፈሰሰ ሽምብራ ተበታትነዋል። የሚጎትት ክር የለማ፣ የሪህ ክኒን ጡቦቹን ይዟቸዋል ብዬ አስረዳኋቸው። ዘይነባ ዓይኗን አላነሳ ብላ ከኋላዋ ያሉት አጉረመረሙ። ቀና ስትል፣ ጡቡማ ነበረ፣ የሪህ ክኒን ያዘው እንጂ አላለቀም፣ ታዲያ ያን ቀን ቲቸር ያሉን? አለች።

ያኔ አወጣሁት። ፈጥሬ ነው፣ አላውቀውም ነበር፣ ፕሮቲኑ ሲያልቅ ይቆማል የሚለውን ሰርዙት አልኩ። ስለ ፕሮቲኖቹ ነገርኳቸው። ሰባ እስክሪብቶ ሲሰርዝ ይሰማል። የናቀኝ ካለ አላየሁም።

8 ሰዓት። ቤት ገባሁ። አባባ ተኝተዋል። የቀኝ አውራ ጣታቸው አብጦ ቀልቷል። ጠዋት ጀምሯቸው ሁለቱን ክኒን ውጠዋል። እስቲ ኪሴን እይልኝ፣ የቀረ አለ? አሉኝ።

አልቋል፣ አልኳቸው።

ያንኑ ቃል። ጠዋት ለሰባ ልጅ ያሰረዝኩትን ቃል ከሰዓት ለአባቴ ነገርኩ።

ሐሙስ፣ የካ. 16

ለሰዓዳ ደወልኩ። የሚመጣ ሰው አለ፣ ግን ሳምንት ይቆያል። ወደ ደሴ የሚሄድ ሾፌር ፋርማሲዎቹን እንዲጠይቅልኝ ላክሁ፣ የለም አሉት።

አባባ አንሶላው ጣታቸውን ሲነካቸው እንኳ ላብ ያጠምቃቸዋል። አልሐምዱሊላህ ይላሉ። አልሐምዱሊላህ ባሉ ቁጥር እኔ ተነስቼ ግቢውን እዞራለሁ። ፈተና ማረም አልቻልኩም።

የዘይነባ እናት ልትጠይቃቸው መጣች። የልጇ ቪዛ ወጥቷል፣ እሑድ ትሄዳለች። ሴትየዋ አፏን በከፈተች ቁጥር ቡና እቀዳላታለሁ። ዘይነባ ስለ ሪህ ክኒኑ ቤት አውርታ ከሆነ፣ ከኔ በፊት ሌላ ሰው ሊነግራቸው ነው። አላነሳችውም። ፈሪ ነኝ። ለተማሪ ደፋር፣ ለአባቴ ፈሪ።

ዓርብ፣ የካ. 17፣ 10 ሰዓት

አባባ ከጁምዓ ቀሩ። አልጋው ላይ ተደግፈው ሙስበሃውን አወጡ። የሚቆጠር ክኒን የለም። እጃቸው ግን ኪሳቸውን ዳበሰ፣ በልማድ። ያቺን ሳይ አልቻልኩም። እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፕላዝማውን፣ ሽንኩርቱን፣ አራቱን ክኒን፣ አልቋል ያልኩትን።

ዶቃውን መቁጠር አላቆሙም። ስጨርስ፣ ባለፈው ዓርብ ስድስት ነበር፣ ሁለቱን እኔ ዋጥኩ፣ አራቱን አንቺ እንደወሰድሽ ማክሰኞ አውቄያለሁ አሉ። ማክሰኞ! ሦስት ቀን ሙሉ፣ በዚያ ሕመም፣ አውቀው ዝም። ለምን አልጠየቁኝም? ብጠይቅሽ ሁለተኛ ትዋሺ ነበር፣ አሉ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቆይተው ራሴን ዳበስ አደረጉኝ።

“አብሽሪ። ሽንኩርቱስ ዳነልሽ?”

እያለቀስኩ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፣ እግራቸው አመማቸውና ተቆጡኝ። ከዚያ፣ አራት ክኒኔን የበላውን ሽንኩርት በዓይኔ ሳላይ አልቀርም አሉ። ዘይነባንም ጥሪያት፣ ሳትሄድ ልመርቃት፣ ጥያቄውን ያመጣችው እሷ አይደለች አሉ።

እሳቸው ት/ቤት ድረስ መራመድ አይችሉም። ስለዚህ እሷ ትመጣለች፣ ማይክሮስኮፗ። ንብረት ክፍል 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ልሮጥ ነው። ጋሽ ታደሰ ከግቢ ላውጣት ስለው ይጮሃል። በማን ስም ትወጣለች? ይለኛል።

በኔ።