አራት ሜትር ከስልሳ

ሐይቅ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘይኑልአቢዲን፣ ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንደምን ከርመሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። «የኔ ውድ ባለቤት» ብዬ ልጀምር አስቤ እጄ እምቢ አለኝ፤ ሌላ ቃልም አጣሁ። ስለዚህ ስምህን ብቻ ጻፍኩ። ስምህን መጻፍ አሁንም ደስ ይለኛል፤ ምን ላድርግ።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ሰዑድ ነው። ለእናቱ ለቅሶ መጥቶ ሰነበተና ነገ ይመለሳል። ባለፈው ሐሙስ ቤት ድረስ መጥቶ፣ እዚያ ልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር እንዳየህ፣ ሱቅ እንደያዝክ፣ እንደወፈርክ ነገረኝ። በሕይወት አለ ወይስ የለም እያለች አምስት ዓመት የኖረችን ሴት ወፍሯል ይላታል! ከመደንገጤ የተነሣ «ማሻአላህ» አልኩት። ሌላውንም የነገረኝን ወደ ኋላ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ መንገዱ ልንገርህ፤ እስክሪብቶ ያስያዘኝ እሱ ነው።

ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ የሚወርደው የኛ መንገድ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው፤ ማለቴ፣ እኔ ካላበላሸሁት። ለመንደር መንገድ የሚውል የድጋፍ ገንዘብ መጥቶ ማዘጋጃ ቤቱ በመስፈርት እየመረጠ ነው። መንገዱ ከላይ እስከ ታች ስድስት ሜትር ስፋት ሊኖረው ይገባል። ግራና ቀኝ ያለው ባለይዞታ ደግሞ አንድ ሳይቀር፣ ወደ መንገዱ የገባ ግንብ ካለው ሊያፈርስ ተስማምቶ ራሱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ይፈርማል። አንድ ፊርማ ከጎደለ መንደሩ በሙሉ ይወድቃል። ዝርዝሩ ሰኔ 6 ይዘጋል። ለተመረጡት ክረምቱ ሳይበረታ ጠጠር ይደፋላቸዋል፤ ድንጋዩ የሚነጠፈው ከመስከረም በኋላ ነው።

ሕይወት የምትባል መሐንዲስ ልጅ መጥታ ሜትሯን እየዘረጋች ወረደች። ከዓሣ አጥማጁ ከወንዱ በር ላይ ስድስት ከሃያ። ከሸህ ጁማ በር ላይ ስድስት ልክ። ከኛ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ለካች። አራት ሜትር ከስልሳ! በቀይ ቀለም ግንባችን ላይ ጽፋው ሄደች።

ያችን የስፌት ክፍል ስትሠራ ትዝ ይልሃል? ወንዱ መረብ ሊጥል ሲወርድ ቆም ብሎ፣ ዘይኑ ወደ መንገዱ ወጣህ እኮ ቢልህ፣ መንገዱ ምን ይጎድልበታል ብለህ ሳቅክ። እኔም ጭቃ እያቀበልኩህ አብሬህ ሳቅኩ። አሁን ቁጥሩን ስገባም ስወጣም አየዋለሁ።

ያ ሳቅ የከበደኝ ግን ከቀዩ ቀለም በፊት ነው። የሸህ ጁማን ምራት ፈዲላን ታውቃታለህ። ካቻምና ነሐሴ ምጥ ሲይዛት፣ ባጃጅ በጭቃው አልገባ ብሎ በቃሬዛ ወደ አስፋልቱ አወጧት። ከኛ ግንብ ሲደርሱ የቀረውን መንገድ ጎርፍ በልቶት ለተሸካሚዎቹ አልበቃም። ቃሬዛውን ለማሳለፍ አጋደል ሲያደርጉት አንዱን አዳለጠው፤ ወደቀች። ልጁ አልተረፈም። ፈዲላ እስከ ዛሬ ስለ ግንቡ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ልብሷንም የምታሰፋው እኔው ዘንድ ነው። አሁን እንደገና ስድስት ወሯ ነው፤ ደግሞ ነሐሴ ላይ ልትወልድ ነው። ለወገቧ እያሰፋሁ ቀሚሷን ስሰጣት ዓይኗን ማየት አልችልም።

እኔማ ልፈርም ዝግጁ ነኝ። ግን ቤቱን ከአባትህ ወረስከው፤ ካርታው በስምህ ብቻ ነው፤ ሚስቱ ነኝ ብል ማን ይሰማኛል? ወይ ከባልሽ ውክልና አምጪ፣ ወይ ሁለት ዓመት ዜናው ያልተሰማ መሆኑን ፍርድ ቤት አስወስኚ አሉኝ። ለዚያ ደግሞ ሦስት የዕድር ሰዎች፣ ማለት የቅሬያችን፣ ይመስክሩልሽ ተባልኩ። እዚህ ላይ ነው የገዛ አፌ ያሰረኝ። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ማለት እኔ ነኝ።

በ2014 ጦርነቱ ከዚህ አልፎ ስልክ የተመለሰ ጊዜ፣ የመንደሩ ስልክ ሁሉ ጮኸ። ከጅዳም ከቤሩትም፣ በሕይወት አላችሁ ወይ የማይል አልነበረም። የኔው ብቻ ዝም አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ከእጄ ሳልለየው ዋልኩ፤ ስተኛም ትራሴ ሥር ነበር። በአራተኛው ቀን ቅሬው ለቀብር ተሰብስቦ ሳለ ሸህ ጁማ፣ ዘይኑስ ደወለልሽ ወይ ሲሉኝ፣ ደውሏል፣ ሁላችሁንም ሰላም ብሏችኋል አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። በሰው ሁሉ ፊት ያልታሰበች ሴት መሆን አሳፈረኝ፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው? በየኢዱ ሰላምታህን አደረስኩ። መቃብር የመቆፈር ተራህ ሲደርስ፣ ዘይኑ ተካልኝ ብሎት ነው እያልኩ ወንድሜን ሙአዊያን ላክሁ። በቅሬያችን አንድ ቀን ተራውን ያላጎደለ ሰው ቢኖር አንተ ነህ፤ እንኳን ደስ አለህ! እንግዲህ በየኢዱ ሰላም የሚላቸውን ሰው ጠፍቷል ብለው እንዴት ይመስክሩ?

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅሬው ሲሰበሰብ ተነሥቼ ቆምኩ። ሰላምታው ሁሉ የኔ ፈጠራ ነው፤ ከ2012 ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም፤ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። ሸህ ጁማ ቀና አሉ።

«ኡሙሰልማ፣ እኛም በየኢዱ መልስ ልከንብሽ ነበር። የት አደረስሽው?»

አልቅሼ ተቀመጥኩ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አፉ ብለናል አሉ፣ ዱዓም አደረጉልኝ። ሸህ ጁማ፣ ወንዱና አንድ ሌላ ሽማግሌ ሊመሰክሩልኝ ተስማሙ። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ግንቦት 28 ሐሙስ፣ የአረፋ ዋዜማ ነው። ያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ወሰደኝ።

ከዚያ ሰዑድ መጣ።

አየህ ጉዴን? ምንም ሳላውቅ ደህና ነው እያልኩ ዋሸሁ። ደህና መሆንህን ካወቅሁ ወዲያ ደግሞ ዜናው የለም ብዬ ቁርአን ይዤ ልምል ነው። ያውም ብቻዬን ብሆን ባልከፋ። እነዚያን ሽማግሌዎች ሳያውቁት የሐሰት ምስክር ላደርጋቸው ነው። ሰዑድ ለሌላ ሰው አልተናገረም፤ የምናውቀው እኔና እሱ ነን። እውነቱን ባወጣው ውሳኔው ይቀራል፣ መንደሩ ይወድቃል፣ ፈዲላ ነሐሴ ላይ በዚያው ግንብ ሥር ታልፋለች። ብደብቀው ከጌታዬ ወዴት እሸሻለሁ? ሙአዊያ፣ ፊርማውን ታውቂው የለ፣ ራስሽ ፈርሚለት አለኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይሉ የለ፤ አንድ ቀን ወረቀት አውጥቼ ሞከርኩት። ቁርጥ ያንተን መሰለ። ፈርቼ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ዘይኑ፣ ተመለስ አልልህም። ለምን ሄድክም አልልህም፤ ብዬህ ብዬህ ጨርሻለሁ፣ አንተ ስላልሰማህ ነው እንጂ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ቆንስላው ዘንድ ሄደህ ውክልና ስጠኝ። ፎቶውን በስልክ ብትልከው፣ ዋናው እስኪደርስ ይቀበሉኛል። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም እንዳትለኝ፤ ሰዑድ እንዳለህ ነግሮኛል። ግንቡ ሲፈርስ ክፍሏም አብራ ትሄዳለች፤ ይቆጭሃል፣ አውቃለሁ። እኔንም ይቆጨኛል፤ እንጀራዬ እሷው ናት። የስፌት መኪናህን ግን ወደ ጓዳ አስገባዋለሁ። በየሳምንቱ ዘይት አጠጣዋለሁ፤ ካንተ ይልቅ ታማኝ ነው።

አሁን ደግሞ አማናዬን ላድርስ። ሰላምታ አማና ነው፣ አደራ ነው፤ ከሸህ ጁማ ጥያቄ ወዲህ እረፍት ነስቶኛል። ሸህ ጁማ በሰባት ኢድ ሰባት ጊዜ፣ ወአለይኩም ሰላም፣ አላህ በደህና ያገናኘን ብለውሃል። ወንዱ ሁልጊዜ በሳቅ፣ ያን ግንብ መቼ ነው የምታፈርሰው በይው ይለኝ ነበር። ፈዲላ ደግሞ ልጇን በቀበረች በወሩ መጥታ፣ ዘይኑ መካ አጠገብ ነውና ለልጅ ዱዓ ያድርግልኝ በይው አለችኝ። እሺ እነግረዋለሁ አልኳት። ይህን ያህል ጊዜ መልእክቷ እኔ ዘንድ ታስሮ ቆየ። ነገ ዛሬ ሳትል ሂድና አድርግላት። ከሁሉ ይልቅ ይህን አደራ እልሃለሁ።

ከደብዳቤው ጋር በላክሁት ፌስታል ውስጥ ያለው ቀሚስ የልጅቷ ነው። ሰዑድን አትቆጣው፤ ብቻውን ነው ወይ ብዬ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኩት። አራት ዓመቷ ነው ስላለኝ በግምት ቆረጥኩት። እንዳይጠባት ጠርዙን ሰፊ አድርጌ አጥፌዋለሁ፤ ስታድግ ይፈታላታል። ስሟን አልጠየቅሁም።

ሐሙስ ግንቦት 28፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዳኛው ፊት እቆማለሁ። እስከዚያ ከደወልክ፣ ለሸህ ጁማ አለ፣ ተገኝቷል፣ ይፈርማል ብዬ በኩራት እነግራለሁ። ይህን አንብበህ ዝም ካልክ ግን ዘይኑልአቢዲን ጠፍቷል ብዬ እምላለሁ፤ ያን ጊዜ ውሸት አይመስለኝም። ወንጀል ከሆነም ለሁለት እንካፈለዋለን።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ። እጅህን ይባርክ፤ ልጅቷንም ያሳድግልህ። እናቷንም።

እስከ ሐሙስ ሚስትህ የሆነች
ኡሙሰልማ

ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። አልቀየርኩትም።