በልጄ ፈንታ

ለልጄ ባለቤት፣

እንዴት ነሽ ልጄ? ሆድሽስ እንዴት ከረመ? የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ ወይ? እኛ ሐይቁ ዳር ያለነው በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ብል ግን እዋሻለሁ። እጄ ለጽሑፍ አይፈጥንም፤ ታገሺኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ባሏ ያልተቀበረ ሴት የወላጆቿን ግቢ አትረግጥም ብለው አባትሽ በር እንደዘጉብሽ፣ እናትሽም ምግብ በአጥር ላይ እንደምታቀብልሽ ጻፍሽልኝ። ምጥሽ በተቃረበበት ጊዜ ሰው ቤት ተጠግተሽ አለሽ። አንድም ቃል አላማረርሽም። ያስለቀሰኝ እርሱ ነው።

ልጄን ኦዱዎርን ሐይቁ ከወሰደው ጀምሮ አልቀብርም ያልኩት እኔ ነኝ። ጀልባው ተገልብጦ ተገኘ፤ እርሱ አልተገኘም። ውሃ ያስቀረው ሰው ካልተገኘ በፈንታው የያጎ ዛፍ ረጅምና ከባድ ፍሬ እንደ ሰው ተገንዞ ይቀበራል። አንዴ ከተቀበረለት ግን፣ በሕይወት እንኳ ቢመለስ በግቢው በር አይገባም። ታዲያ በልጄ ላይ በሩን በገዛ እጄ እንዴት ልዝጋ?

የባሌ ወንድም ኦጎላ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ይነዘንዘኝ ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ የፍርድ ቀን እንኳ እንዳንቺ አይዘገይም» አለኝ። እግዚአብሔር ካልቸኮለ እኔን ምን አስቸኮለኝ አልኩት። ሳቀ። ደብዳቤሽን ሳነብለት ግን ሳቁን ተወና «የጠፋውን ስትጠብቂ ያለችውን ልታጠፊ ነው» አለኝ።

ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መምህር ወደ ዘካሪያ ሄድኩ። ልጄ ሞቷል ወይስ አለ ብዬ ጠየቅኩት። «አላውቅም» አለኝ። ካላወቅህ በምን ላይ ልትጸልይ ነው አልኩት። «እማማ፣ የሬሳ ሳጥን ስባርክ ከፍቼ አላይም። ውስጡን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው» አለኝ። ተናድጄበት ወጣሁ። ስመለስ በሐይቁ ዳር አለፍኩ። እዚህ አርጅቼ የወዲያኛውን ዳርቻ አይቼው አላውቅም፤ ጀልባዎች ግን ከዚያ ሲመጡ አያለሁ። ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት። ምንም አልተገለጠልኝም። ተነሥቼ ቆንጨራ ይዤ ወደ ያጎው ዛፍ ሄድኩ።

ረጅሙን ፍሬ መረጥኩ፤ እንደምታውቂው ኦዱዎር ረጅም ነበር። ሳቅፈው ክብደቱ የተወለደ ዕለት ያቀፍኩትን ያህል ሆነብኝ። ቁልፉን አንቺ የተከልሽለትን ሰማያዊ ሸሚዝ አለበስኩት። ኦጎላ «ሸሚዙ ሰፋው» አለ፤ ማንም አልሳቀም። ዘካሪያ ጸለየ። እኔም ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ፣ ጌታ ሆይ፣ ማንን እንደቀበርኩ አላውቅም፣ አንተ ታውቃለህ፣ አልኩ። ከዚያ በላይ ጸሎት አልመጣልኝም። ያሉንን ፍየሎች ሁሉ ለለቀስተኛው አረድን፤ ጋጣው ባዶውን ቀረ።

አሁን ባልሽ ተቀብሯል። ለመንገድ እንደማትሆኚ ሽማግሌዎቹ ስለሚያውቁ ከቀብሩ ቀርተሻል ብሎ የሚወቅስሽ የለም። ጸጉርሽን ተላጪ፤ ይህን ደብዳቤ ለአባትሽ አሳዪያቸውና በእናትሽ አልጋ ላይ ውለጂ።

ሌላ ወሬ የለኝም። ብቻ ከቤቴ ጀርባ ያለውን የቁልቋል አጥር ትናንት ጥቂት ከፈትኩት። ኦጎላ አየና ይህ ደግሞ ለምንድን ነው አለኝ። ለፍየሎቹ ነው አልኩት። ወደ ባዶው ጋጣ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ቆንጨራውን ከእጄ ወሰደና ከላይ በኩል፣ ከራሱ ቁመት ከፍ አድርጎ ቆረጠልኝ።

የማናውቀውን የሚያውቅ አምላክ ምጥሽን ያቅልልሽ። የምትወልጂውን ከውሃም ከክፉም ይጠብቅልሽ። እኔንም ዓይኑን እስካየው ያቆየኝ።

እናትሽ