መምህርት አጸደ፣ የባቄላው ቅጠልና ፊርማ የሌለው ደብዳቤ

መምህርት አጸደ ገብረዋህድ ከአባታቸው ከአቶ ገብረዋህድ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ምንዳዬ በላይ፣ በቀድሞው ወሎ ጠቅላይ ግዛት በዋድላ ደላንታ፣ መጋቢት 5 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የአባታቸውን ባቄላ ዋግ መታው። ዋግ ቅጠሉን ዝገት በመሰለ ነጠብጣብ የሚወር የተክል በሽታ ነው። አገሬው ግን ይህን አያውቅምና «ዓይኗን ጥላበት ነው» ብሎ አንዲት ምስኪን ጎረቤት ጠረጠረ። እሳት እንኳ የሚሰጣት ጠፍቶ ሴትዮዋ አገር ለቅቃ ሄደች። መምህርት አጸደ ያችን ሴት እስከ መጨረሻው አልረሷትም።

በ1949 ዓ.ም. ካዛንቺስ ወደሚኖሩት አክስታቸው መጥተው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በ1963 ዓ.ም. ከዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቀው፣ በጡረታ እስከተገለሉበት እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ በሠፈራችን ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተማሩ።

ጠርጣራ ነበሩ፤ ይህን መደበቅ እሳቸውን ማሳነስ ይሆናል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ተረት የተተረተው ለእሳቸው ይመስል ነበር። ሜክሲኮ ያሉት ቲማቲም ሻጮች «እትዬ፣ ቲማቲም ነው ወይስ ሙሽራ የሚመርጡት?» ይሏቸው ነበር። ሙሽራውም ቢሆን አላመለጠም። አቶ አምኃ ወርዶፋ ከስታዲየም አበባ ገዝተው መጀመሪያ ሲጠይቋቸው፣ ቅጠሉን ገልብጠው ነጭ ሻጋታ አገኙበት። «አበባው ታሟል፤ ሰውየውን ደግሞ ቀስ ብለን እናያለን» አሉ። ሁለት ዓመት አይተው፣ በ1968 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ልጆች ወለዱ።

በ1989 ዓ.ም. ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ከሁለት አልጋ በማትሰፋ መደብ ላይ ባቄላ ዘርተው «የዕፅዋት ሐኪሞች ክበብ»ን አቋቋሙ። ለሕፃናቱ አጉሊ መነጽር እየሰጡ «የቅጠል ፊቱን አትመኑ፤ ጀርባውን ገልብጡ» ይሏቸው ነበር።

በጥቅምት 1991 ዓ.ም. ከክበቡ ልጆች ዘጠኙ ላይ ጉድፍ ወጣባቸው። ወዲያው ለዳይሬክተሩ ፊርማ የሌለው ደብዳቤ ደረሰ፤ «መምህርቷ ሕፃናትን በበሽታ ታጫውታለች፤ ትነሣልን» ይላል። ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ለእሳቸው ሰጥተው ቅዳሜ ጥቅምት 21 ቀን ወላጆችን ሰበሰቡ። ወላጆች ካልተስማሙ ክበቡ ይዘጋል፣ እሳቸውም ይዛወራሉ።

ጉድፍ ከወጣባቸው ልጆች የአንዷ የዙለይካ አባት፣ ልብስ ሰፊው አቶ ሱሩር፣ ተነሥተው «መምህርት፣ ቅጠሉም ነጠብጣብ፣ ልጄም ነጠብጣብ። እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ አይጠረጥሩም?» አሉ። «እጠረጥር ነበር» አሉ መምህርት አጸደ። ከዚያም ዋግ የመታውን የባቄላ ቅጠል ገልብጠው ለሁሉም አሳዩና፣ ቆመው አኝከው ዋጡት። «የባቄላ በሽታ የሚይዘው ባቄላን ነው። ሰኞ መጥታችሁ ፊቴን እዩ።»

ሰኞ ጠዋት ወላጅ ሁሉ በር ላይ ተሰልፎ ፊታቸውን አየ። ክበቡ ተረፈ። ሠፈሩ ግን ደብዳቤውን የጻፉት አቶ ሱሩር ናቸው ብሎ ደመደመ። ልብስ የሚያሰፋቸው ቀነሰ፤ በዕድር ስብሰባ እንኳ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። መምህርት አጸደ ብቻ ቀሚሳቸውን እሳቸው ጋ ማሰፋታቸውን አልተዉም። ለምን ሲባሉ «ፊት ለፊት የጠየቀኝ ሰው ደብዳቤ ምን ያደርግለታል?» ይሉ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመሙ። «ያኔ የበሉት ቅጠል ነው» ብሎ ያንሾካሾከ አልጠፋም፤ ዛሬም እዚህ መካከላችን ይኖራል። የሐኪሞቹ ወረቀት እንዲህ አይልም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ማኅደረንና ኢዮብን፣ እንዲሁም ታናሽ ወንድማቸውን ታዲዎስን ትተው ሄደዋል።

በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን ይህን ታሪክ የጻፈው ታዲዎስ ነው። ወረቀቶቻቸውን ሲያገላብጥ ያንን ደብዳቤ አገኘ። የማን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገረም፤ የገዛ እጁ ጽሕፈት ነበርና። ልጁ ሊዲያ ጉድፍ ከወጣባቸው አንዷ ነበረች። እህቱን ፊት ለፊት ለመጠየቅ ወኔ አጣ፤ አቶ ሱሩር በእሱ ጥፋት ሲገለሉም አሥራ አራት ዓመት ዝም ብሎ አየ። ደብዳቤውን ሲገለብጠው ጀርባው ላይ በእህቱ ጽሕፈት፣ በዚያው በስብሰባው ቅዳሜ ቀን፣ ይህ ሰፍሯል፦ «የታዲዎስ እጅ ነው። ለልጁ ፈርቶ ነው። ራሱ እስኪነግረኝ እጠብቃለሁ።»

ከዚያ በኋላም እህቱ እሑድ እሑድ ቤቱ እየመጡ ምሳ በሉ፤ አንድም ቀን አልጠየቁትም።

አቶ ሱሩርን በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይቅርታ ይጠይቃል። ለእህቱም ዛሬ ነግሯቸዋል። የማሳ ሁሉ ባለቤት አምላክ ነፍሳቸውን ዋግ በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።