ክር የታሰረበት ብልቃጥ

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ
ከላቦራቶሪው መስኮት ሥር

አባዬ፣ የኔ ዓለም፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትህ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል። ናሙና የሚያመላልሰው ሾፌር ወደ እናንተ ሳይመለስ ቶሎ ልጻፍልህ። ስልክ ብደውል ስቀህ ወሬ ትቀይርብኛለህ፤ አውቅሃለሁ።

የሽንት ብልቃጥህ ትናንት ደረሰኝ። ላዩ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለውም፤ የማን እንደሆነ እዚህ ማንም አያውቅም። ክዳኑን በልብስ መስፊያ ክር ጠፍረህ ስትልክ ግን እኔን እንዴት ይጠፋኛል? ጡረታ ወጣህ እንጂ ልብስ ሰፊነቱ መች ለቀቀህ። ክሩን ፈትቼ ጋውኔ ኪስ ከተትኩት። የሰው አባት ለልጁ ሹራብ ይልካል፣ የኔ አባት ሽንት። እሱንም በናፍቆት ነው የምጠብቀው።

ከዚያ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት። ያ ከተክል ሥር የሚወጣው የካንሰር መድኃኒትህ ሲዋጥ ሰውነት ይሰባብረዋል፤ ስብርባሪው ከሽንት ጋር ይወጣል። መዋጡን ለማረጋገጥ እኛ መድኃኒቱንም ስብርባሪውንም ነው የምንፈልገው። ያንተ ላይ መድኃኒቱ ሞልቶ ተትረፍርፏል፤ ስብርባሪው ግን ጭራሽ የለም።

አለቃዬ በትከሻዬ በኩል አየችና፣ «ይሄ ሰውዬ ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን ብልቃጡ ውስጥ ነው የጨመረው፤ አልዋጠውም» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ መታጠቢያ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

ለካ ሰሞኑን በስልክ ድምፅህ የፈካው፣ ምግብ ተስማማኝ ያልከኝ ለዚህ ነው። እኔ ሞኟ መድኃኒቱ ሠራ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ። መድኃኒቱ የሚያመጣብህ ማቅለሽለሽ እንዳንገፈገፈህ አላጣሁትም፤ በሱ አልቆጣህም። የከፋኝ እኔ እንዳላዝን ብለህ ብቻህን መያዝህ ነው። በሽታው እንደሆነ አንተ ስለደበቅከው አይተኛም።

ውጤቱን እንዳለ ለሐኪምህ ልኬዋለሁ፤ መደበቅ አልችልም። እሱ ጠርቶ ሳያፋጥጥህ ከኔ ስማው ብዬ ነው። ማቅለሽለሹን የሚያስታግስ ነገር አለ፤ እባክህ አፍ አውጥተህ ንገረው።

ልለምንህ አባዬ፣ ዋጠው። ከአቅሜ በላይ ነው ካልክም ብልቃጡን ባዶውን ላክልኝ፤ ሥራውን ጥዬ መጥቼ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ስንት ከተማ አቋርጦ የሚደርሰኝ ያንተ ነገር ይሄ ብልቃጥ ብቻ ነው። ዱቄት አትላክልኝ፤ ባንተ ውስጥ ያለፈውን ላክልኝ።

እጅህ መርፌ ከመያዝ አይቦዝን። እኔም ሳልጠግብህ አልቅር።

ሚጢጢህ

ክሩ እኔ ጋ ይቆይ። ለሚቀጥለው ሌላ ቁረጥ።