ለሞተ ሰው የተላከ ስንቅ

ሰኞ፣ ሚካኤል

ጎሕ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ካሕሳይ ናቸው፣ የሰፈራችን ሽማግሌ። ከኋላቸው ጎረቤቴ አለምነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። የማን መርዶ እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። «ተቀመጭ» አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። እዚሁ ሱዳን፣ መፋዛ ሰሊጥ ሊያጭድ የሄደው ልጄ ማሩ ወባ ይዞት ሞቷል። እዚያው ቀብረውታል። ዛሬ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ

ሰው አይጎድልም። ሁሉም «አይዞሽ» ይላል። ዛሬ አለምነሽ አምልጧት ተናገረች። ማሩ ከሞተ ሰንብቷል። አብረውት የነበሩት አጫጆች እስኪመለሱ ተብሎ ደብቀውኛል። የስደተኛ ካምፓችን ቱነይድባ ሙሉ ያውቅ ነበር። ሻይ ስቀዳላቸው ያውቁ ነበር።

ድርቆሹ ትዝ አለኝ። ባለፈው ሰሞን እንጀራ በበርበሬ ለውሼ፣ አድርቄ፣ ለማሩ እንዲያደርስልኝ ለሎሪ ሹፌሩ ለአደም ሰጠሁት። አደም የአገሩ ሰው ነው፣ ሱዳናዊ፤ ጠዋት ጠዋት ከምሸጠው ሻይ ይጠጣል። «ኢንሻላህ፣ ያ ኡሚ» ብሎ፣ እናቴ ብሎ ጠርቶ ተቀበለኝ። ልጄ አፈር ከገባ በኋላ። ቀና ብሎ አላየኝም። ያኔ ፀሐዩ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ ኪዳነ ምሕረት

ወላጅ አብሯቸው የሌለ ልጆችን በየቤቱ የምታስጠጋው የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ከመርዶው በፊት በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ተመዝግቤ፣ ትምህርቱንም ተቀምጬ ጨርሼ ነበር። አንዲት ልጅ ልትሰጠኝ ነበር። «ለሌላ ሰው እንሰጣታለን፣ አትጨነቂ» አለችኝ።

አለምነሽም «በሐዘን ቤት የሰው ልጅ አይገባም» አለች።

አምጧት አልኩ። ለምን እንዳልኩ እንጃ። ባዶውን አልጋ ማየት አልቻልኩም። ጥሩ ምክንያት አይደለም።

እሑድ

መጣች። ለተብርሃን ትባላለች፣ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ የሑመራ ልጅ። እናቷ በገላባት በኩል ተሻግራ መተማ ሥራ ፍለጋ ሄዳለች። «አጨዳው ሲያልቅ እመጣለሁ» ብላታለች።

አልጋውን አየችው።

«የልጅዎ ነው?»

«ነበር።»

«መሬት ይሻለኛል። የማንም ምትክ አልሆንም። እኔ እናት አለችኝ።»

እውነቷን ነው። ምንጣፍ አነጠፍኩላት።

ማክሰኞ

ሁለት ነገር ሆነ።

ጠዋት ሻይ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። «እትየ፣ ይሄ ሻይ ነው ወይስ የሳል መድኃኒት? ስኳሩ ሰው ይገላል እኮ!» አለች። ደንበኞቼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ማሩን አስቤ አፈርኩ። ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ግን ምንጣፉን ጠቅልላ የልብስ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ትታዋለች። አልነካሁትም።

ከሰዓት ጋሽ ካሕሳይ መጡ። እሷ አለመኖሯን አይተው ነው የገቡት። እናቷ መተማ ላይ ታማ ሞታለች። የተሻገሩ ሰዎች ቀብሯ ላይ ነበሩ።

«ፈተና ደርሶባታል። ትፈተን፣ ከዚያ እኛ ሽማግሎቹ መጥተን እናረዳታለን። አንቺ አፍሽን ያዢ።»

እሺ አልኩ። እንዴት እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ማርያም

ዛሬ ከራሽን የደረሳትን ሳሙና በሻሽ ቋጥራ አመጣችልኝ። «እትየ፣ አደም ገላባት ሲሄድ ለእናቴ ይስጡልኝ። እሷ ሳሙና ትወዳለች። ሻሹንም እንድታስቀረው ይንገርልኝ።»

እጄን ዘርግቼ ተቀበልኳት። «እሺ፣ የኔ ልጅ» አልኩ። ቀና ብዬ አላየኋትም።

አደም የሆንኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ

እንጨት ስሰብር፣ ብርጭቆ ሳጥብ ይኸው ነው ሐሳቤ። ብነግራት ፈተናው ያመልጣታል። ትጠላኛለች። ሮጣ ወደ ድንበሩ ትሄድ ይሆናል፤ መንገዱ እንደ ድሮው ሰላም አይደለም። ባልነግራት ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ቋጥራ ታመጣለች።

ጋሽ ካሕሳይ ዘንድ ሄድኩ።

«መርዶ ሥርዓት አለው» አሉኝ። «ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይሰበር ነው። ለክፋት መሰለሽ?»

«ለክፋት አይደለም። ግን ጋሽ ካሕሳይ፣ የእኔን ድርቆሽ ማን በላው?»

መቋሚያቸውን መሬት ላይ ወዲያ ወዲህ አደረጉት። «አደም መቃብሩ ራስጌ አስቀመጠው። እዚሁ ሳለ ጣለው ብንለው እንቢ ብሎ ነው የወሰደው» አሉኝ።

ይህን አላውቅም ነበር። አለቀስኩ። እሳቸውም አላባበሉኝም። ቆይተው «ብቻሽን አታረጂያትም፤ ነገ በጠዋት እንመጣለን» አሉ።

ዓርብ፣ ጊዮርጊስ

መጡ። ለተብርሃን ድምፅ ሰምታ ከአልጋው ተነሣች። አዎ፣ አልጋው ላይ ነበረች፤ መቼ እንደወጣች አላየሁም። አለምነሽን አየች፣ ጋሽ ካሕሳይን አየች። ከዚያ እኔን።

«ተቀመጭ» አልኳት። ሌላ ሰው እንዲላት አልፈለግሁም።

ሰምታ አላለቀሰችም። «ሳሙናውስ?» አለች።

ከሣጥኑ አውጥቼ ሰጠኋት።

«አልላኩትም?»

«አልላክሁትም።»

«ያውቁ ነበር ማለት ነው። ከእጄ ሲቀበሉ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ሻሹን ፊቷ ላይ አድርጋ ጮኸች። ልይዛት ስል ገፋችኝ። እንደገና ያዝኳት፣ እንደገና ገፋችኝ። በመጨረሻ አለምነሽ ያዘቻት። ይሁን።

ቅዳሜ

አደም መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፋቲሓ ጸለየልን፣ «አልበረካ ፊኩም» ብሎ አጽናናን። ከገላባት ማዶ የእናትሽን ቀብር የሚያውቅ ሰው እፈልግልሻለሁ አላት ለተብርሃንን። ሲወጣ ሻሹን ለመቃብሯ ሰጠችው።

ፈተናው ነገ ነው፤ እዚህ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነው። ትሄድ አትሄድ እንጃ። ከእኔ ጋር ትቆይ አትቆይም አልነገረችኝ። ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር።

ቀስ ብዬ የእናቷን ክርስትና ስም ጠየቅኳት፤ ከማሩ ጋር ፍትሐት ላይ እንዲነሣ። «አላውቀውም፤ ስትመለስ እጠይቃታለሁ ብዬ ነበር» አለች። ያኔ ነው እኔ ላይ ተደግፋ ያለቀሰችው።

ይህን ጽሑፍ ያገኛችሁ ሁሉ፣ ስትጸልዩ እነዚህን ሁለቱን አትርሱብን። የልጄ ክርስትና ስም ወልደ ሚካኤል ነው። የእሷን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ እናንተ «የለተብርሃን እናት» ብላችሁ ጥሩልን።