ባለቤቱ ራሱ ይቅረብ

መርሳ፣ ሰኔ 12

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ፣ ወንድሜ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ትንቀሳቀሳለች፤ አጎታችን ጀብሪል ደህና ነው፤ ችግኙም ዝናብ አግኝቷል። ሰላምታው ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ንዴት ነው፤ ካልቻልክ አታንብበው።

በሦስት ሳምንት ሰባት መልእክት ላክህልኝ፤ ሰባቱም ስለ ድረ ገጹ። የገጹን ስም የመዘገበው የውጭ ድርጅት የባለቤቱን ማንነት ካላረጋገጠ በሰኔ መጨረሻ ይዘጋዋል አልክ። አባባ መታወቂያቸውን ይዘው ካሜራ ፊት ይቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዙሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይግለጡ አልክ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ላንተ ነው። አንዴ እንኳ እንዴት ናቸው አላልክም።

በአባባ ስም ያስመዘገብከው አንተው ነህ። ችግኙ የእሳቸው ነውና ስሙም የእሳቸው ይሁን ስትል ሰፈሩ ሁሉ መረቀህ። ገጹም ጠቅሞናል፣ አልክድም። የቆቦና የሐራ ሰው ማንጎና ብርቱካን የሚያዘን በእሱ ነው። አሁን በክረምቱ መግቢያ ከተዘጋ ችግኙ ከነፕላስቲኩ ያረጅብናል፤ እኔና እማዬ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ የለንም። ስለዚህ ማስቸኮልህ አይደለም ያናደደኝ።

ያናደደኝ ሰባተኛው መልእክት ነው። አባባ ከደከማቸው ጀብሪል ይቅረብ፣ ወንድማቸው አይደል፣ ኮፍያቸውን ቢያደርግ ማን ይለየዋል አልክ። እኔም ሞኟ ሰማሁህ። ጀብሪል ተዪኝ እያለኝ ለምኜ ኮፍያቸውን አስደረግሁት፤ እሳቸው ይቀመጡበት የነበረው መደብ ላይም አስቀመጥሁት። ስልኩን ሳስተካክል እማዬ ከጓሮ ገባችና አየችው። የሆነችውን አልጽፍልህም። ጀብሪል ኮፍያውን መደቡ ላይ ትቶ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ቤታችንን አልረገጠም። ይህን ያደረግነው እኔና አንተ ነን። አላህ ይቅር ይበለን።

ከዚያ ወዲያ ማስመሰሉ በቃኝ ብዬ ለድርጅቱ እውነቱን ጻፍኩ። ለማያውቁት ሰው መጻፍ ይቀላል። በማግስቱ መለሱልኝ፤ መጀመሪያ ማዘናቸውን ገለጹ፣ ቀጥለው የሚፈልጉትን ወረቀት ነገሩኝ።

ለእነሱ የጻፍኩትን ላንተ በደብዳቤ አልጽፈውም፤ በእኛ አገር ነውር ነው። በስልክም አይነገርም፤ ስትደውል የማላነሳው ለዚሁ ነው። ሰው ልኬብህ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች ከመርሳ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው፣ ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግደው በርህን አንኳኩ። የወጣችው ሴት እሱ ከለቀቀ ዓመት አለፈው አለቻቸው። አንተ ቤት መልቀቅህን የደበቅከን እንዴት ብታፍር ነው? የአባባ ማንነት ይረጋገጥ ትላለህ፤ ያንተን ማደሪያ ግን እናትህ አታውቀውም።

ወረቀቱ የሚወጣው ከወረዳው ፍርድ ቤት ነው። የገጹ ስም ወደኛ የሚዞረው በእሱ ብቻ ነው። ምስክር ተሰምቶ፣ ልጆች በሙሉ ቀርበው ነው የሚሰጠው፤ ያለነው ሁለት ነን።

ስለዚህ ና። መርሳ ግን ብቻህን እንዳትገባ። ውርጌሳ ላይ ውረድና አጎታችን ሙባረክ ቤት እደር። እራትህን ብላ፤ ጠዋት እነ ሙባረክ የሚሉህን ስማቸው፤ ከዚያ እነሱ ይዘውህ ይመጣሉ። እኔ ቂሜን እስክትመጣ አቆየዋለሁ፤ ስትመጣ እንኳን እንደማልወጣብህ አውቀዋለሁ።

ከቤታችን የሚላክ ደብዳቤ የሚዘጋው በአባባ ምርቃት ነበር። ዛሬ እኔው ልመርቅህ፦ አላህ በሰላም ያድርስህ፤ ሶብሩንና ብርታቱንም አብሮ ይስጥህ።

እህትህ