ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ

ለደጀኔ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደ ወትሮዬ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ልጀምር ነበር፤ አልቻልኩም። ከሐዘን አይምሰልህ፤ ከደስታ ነው። ዛሬ ቡራዩ አዳራሽ ውስጥ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ ውሸቴን ተናዘዝኩ።

ቤታችን ደህና ነው። በገፈርሳ በኩል ያለውን መስኮት አዲስ ፎቅ ጋረደው። የተከልከው ኮክ ዘንድሮ ገና አፈራ፤ ይኮመጥጣል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። በዚያ ቅዳሜ ገበያው ላይ ቦንብ ሲወረወር ኃላፊዎቹ ምን እንዳደረጉ የሚመረምር አጣሪ ቦርድ ተቋቁሟል። ወርዋሪው ተፈርዶበታል፤ ጥያቄው እርዳታው ለምን ዘገየ ነው። ታስታውሳለህ፣ ያን ጊዜ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሳ በየመንገዱ ኬላ ነበር። አምቡላንሱ እዚያው ቅርባችን ኬላ ላይ ተይዞ «ፈቃድ ይምጣ» ሲባል፣ አንተ ቆስለህ ጭኔን ተንተርሰህ ነበር። የአምቡላንሱን ጩኸት አብረን ሰማነው።

ኃላፊዎቹ ለቦርዱ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የሞቱት ወዲያውኑ ነው የሞቱት፤ በመዘግየታችን የጠፋ ነፍስ የለም።» ስለ አንተ ያቀረቡት ማስረጃ የእድራችን ደብዳቤ ነው። ለዚያ ደብዳቤ ተጠያቂዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

መርዶህን ለእህትህ ለአዴ ጫልቱ ልናረዳ ሱሉልታ ስንሄድ፣ ሽማግሌዎቹ «ልቧ ደካማ ነው፤ ወዲያው አረፈ፣ አልተሰቃየም በያት» አሉኝ። አልኳት። ለቅሶ ለመጣውም ሁሉ ያንኑ ደገምኩ። የእድሩ ጸሐፊ ለቀበሌ የሚላከውን ደብዳቤ ጽፎ «ወዲያውኑ ማረፋቸውን» ብሎ ሲያነብልኝ ዝም አልኩ። እኔ! «ገደማ» የምትል ቃል ከአፍህ ስትወጣ የማላሳልፍህ ሴት! በአዳሪ ትምህርት ቤት መምህራችን ለእያንዳንዱ ስርዝ መዳፋችንን በማስመሪያ ትመታን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ሳላዛባ ኖሬ፣ ለእህትህ ስል ያዛባሁት አንዱ ለእነሱ መደበቂያ ሆነ።

ዛሬ ስሜ ሲጠራ አዴ ጫልቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ሆኖም ቆምኩ። «ደብዳቤው ልክ አይደለም። ባለቤቴ ከሦስት ሰዓት ከአሥር እስከ አምስት ሰዓት ከሃምሳ በሕይወት ነበር፤ ሰዓቴን እያየሁ ነበር» አልኩ። ቃሌን የሚጽፈው ወጣት «እማማ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ልበለው?» ቢለኝ፣ «ገደማ የለም ልጄ፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው» አልኩት። አዳራሹ ሳቀ፤ ሰብሳቢው ሳይቀሩ። ከዚያ የተስተካከለውን ጮክ ብለው አነበቡና «በሪፖርቱ ይገባል» አሉ። ከኃላፊዎቹ መካከል ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም። ልቤ እንዴት እንደዘለለ ብታይ! እንደ ተማሪ ልሮጥ ቃጣኝ።

እህትህን ማየት ግን ፈራሁ። በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ትረግመኛለች ስል ክንዴን ጨምድዳ ያዘችና «አንቺ ሌባ!» አለችኝ። «ያን ሁሉ ሰዓት ለብቻሽ ደብቀሽ ኖርሽ? በይ ንገሪኝ፤ ወንድሜ ምን አለ?»

ደጀኔ፣ ለማንም ያላወራሁትን ነገርኳት። አዲሱ ጫማህ ደም እንዳይነካው አውልቂልኝ ማለትህን። ሕመሙ ፋታ ሲሰጥህ፣ ልጅ ሳለህ እሷ አዝላህ ወንዝ ስትሻገር ተንሸራታ ሁለታችሁም መውደቃችሁን አንስተህ መሳቅህን። «ላኪ፣ ላኪ! የለም፣ ውሸቱን ነው፤ እሱ ተወራጭቶ ነው የጣለኝ!» አለች፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ስቃይህንም አልደበቅኳትም። ውሃ ስትለምነኝ መከልከሌን፣ ሰው ውሃ አትስጪው ብሎኝ እንደነበር፣ ሁሉንም። ልቧ ደካማ ነው ያሉት ሽማግሌዎች መጥተው ባዩዋት! እኔ ሳለቅስ የደገፈችኝ እሷ ናት።

ታክሲ እስክትሳፈር አልለቀቀችኝም። የመጀመሪያውን ሰዓት እንኳ ሳንጨርስ መሸብን፤ ነገ በጠዋት ሱሉልታ እሄዳለሁ። ቃሌ ይኸው፤ እያንዳንዷን ደቂቃ እንደነበረች አስታውሳታለሁ፤ ለጠየቀኝም እንደነበረች እነግራለሁ። ሞትህን ዳግመኛ አላሳጥረውም።

ሚስትህ አስካለ